ብሬከሩ የሚጠብቀው ማንን ነው?

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከገዛን ወዲህ ብሬከሩ እየወረደ አስቸገረን። በሰፈራችን የቤት መስመር ሲዘረጉ የኖሩት ጋሼ ካቻቢቴያቸውንና ቴስተራቸውን ይዘው መጡ።

እኔ፦ ጋሼ፣ ብሬከሩ ደከመ መሰለኝ። ባለ 32 ቀይርበት ብለውኛል።

ጋሼ፦ እስኪ ያለውን እንየው። ባለ 16 አምፔር ነው። አሁን ምጣዱ ላይ የተለጠፈውን አንብብልኝ።

እኔ፦ 220 ቮልት፣ 3500 ዋት ይላል።

ጋሼ፦ ዋቱን ለቮልቱ አካፍለው።

እኔ፦ ወደ 16 ይመጣል።

ጋሼ፦ አየህ፣ ምጣዱ ብቻውን ብሬከሩን ሞላው። እናትህ ስትጋግር ፍሪጁ በዚያው መስመር ይሠራል፤ አንተ ደግሞ ውኃ ማፍያ ትሰካለህ። ታዲያ ባይወርድ ነበር የሚገርመኝ።

እኔ፦ እኮ፣ ከፍ ያለ ይግባበት።

ጋሼ፦ ልጄ፣ ብሬከር ለምጣዱ ተብሎ አይገባም፤ ግድግዳ ውስጥ ለተቀበረው ሽቦ ነው። ያንተ ሽቦ ውፍረቱ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፤ ለሶኬት የተዘረጋ። ባለ 32 ስታስገባ ብሬከሩ ዝም ይላል፣ ሽቦው ግን ይግላል። ኮረንቲው እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። ፕላስቲኩ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ሽቦና ሽቦ ይነካካሉ። እሳቱ የሚነሳው ማንም በማያየው ቦታ ነው። ቤቱ የጭቃ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ ከሆነማ ለመሸሽም ጊዜ የለህም።

እኔ፦ ምን ይሻላል ታዲያ?

ጋሼ፦ ለምጣዱ የራሱ መስመር ይውጣለት። ከብሬከር ሳጥኑ ተነስቶ ሌላ ሶኬት ሳይነካ ይሂድ፤ ሽቦው ባለ 4፣ ብሬከሩ ባለ 20። ዲቫይደር ላይ ምጣድ መሰካት ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም።

እኔ፦ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እናቴ ምጣዱን ስትነካው ትንሽ ይነዝረኛል ትላለች። እጄ እርጥብ ስለሆነ ነው ብላ ትታዋለች።

ጋሼ፦ ይኼን ነበር አስቀድመህ መናገር! ንቀለው፣ አሁኑኑ ንቀለው።

እኔ፦ ብሬከሩ አለ ብዬ እኮ ነው።

ጋሼ፦ ብሬከሩ እሷን አያድናትም። ከ30 ሚሊአምፔር በላይ በደረት በኩል ካለፈ ልብን ሊያቆም ይችላል። ብሬከርህ የሚወርደው ግን ከ16 ሺህ ሚሊአምፔር በላይ ሲያልፍ ነው። እሷ ወድቃ እሱ ቆሞ ይጠብቃል።

እኔ፦ ለሰውስ የሚሆን የለም?

ጋሼ፦ አለ እንጂ። አንደኛዋ አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያላት የመሬት ሽቦ ናት። ውስጥ የተላጠ ሽቦ የምጣዱን ቆርቆሮ ቢነካ፣ ኮረንቲው በእሷ በኩል ወደ መሬት ይወርዳል። እሷ ከሌለች መንገዱ የእናትህ ሰውነት ነው። ሁለተኛው በፌዝ የሄደውንና በኒውትራል የተመለሰውን የሚያመዛዝን ልዩ ብሬከር ነው፤ ልዩነት ካየ በቅጽበት ያቋርጣል። ስትገዛ ፊቱ ላይ 30 ሚሊአምፔር የሚል ጽሑፍና የመሞከሪያ ቁልፍ እንዳለው እይ። ቁልፏን በየጊዜው ተጫናት፤ ካላቋረጠ አይሠራም ማለት ነው።

ጋሼ ዋናውን ብሬከር አወረዱ። ቴስተሩን መጀመሪያ የሚሠራ ቦታ ላይ ሞክረውት ነበር፤ «የሞተ ቴስተርም አይበራም» ብለውኝ። ከዚያ የሶኬቱን ሁለቱንም ቀዳዳ ነኩና ክዳኑን ፈቱ። አረንጓዴና ቢጫዋ ሽቦ ከሥሯ ተቆርጣ፣ ጫፏ በናስትሮ ተጠቅልሎ ወደ ጥግ ተገፍታለች። መስመሩን የሠራው ሰው ትርፍ መስላው ይሆናል። እናቴ በዚያ ምጣድ ስትጋግር ሳምንታት አልፈዋል።

እናንተም ቤት ምጣዱ የሚነዝር ከሆነ፣ መስመሩ በባለሙያ ሳይታይ እባካችሁ አትጋግሩበት።