እሳት ሳይበረታ ስለ ማወቅና ስለ ማጥፋት

እሳት በተነሣበት ደቂቃ አንድ ሰው በባልዲ ውሃ ሊያጠፋው ይችላል፤ ጥቂት ከቈየ በኋላ ግን ብዙ ሰው ቢሰበሰብም አይበገርም። ስለዚህ የመከላከሉ ሥራ ሁሉ በሁለት ነገር ይጠቃለላል፤ ይኸውም ፈጥኖ ማወቅና ለእሳቱ ዓይነት የሚስማማውን ማጥፊያ በቅርብ ማግኘት ነው።

ለዚህ በአዲስ አበባ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ካዛንቺስ ምሳሌ ይሆናል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የኢጣልያ ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ያሠራ ከነበረው ኢንቺስ ከሚባለው ድርጅት ነው። ከዚያ ወዲህ የእንጨትና የጭቃ ቤቶች ተጠጋግተው በዙበት። በእንዲህ ያለ መንደር እሳት ከጣራ ወደ ጣራ ቢዘልም ጎረቤት አይቶ ይጮኻል። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ከአሮጌዎቹ ቤቶች ብዙዎቹ ፈረሱ። በረጅም ሕንፃ ግን ሌሊት በተዘጋ ክፍል የተነሣውን እሳት የሚያይ ጎረቤት የለም፤ ስለ ሆነም በጎረቤት ዐይን ፈንታ መሣሪያ ማቆም ግድ ነው።

1ኛ፤ የጢስ ጠቋሚ፦ በኮርኒስ ላይ ይተከላል፤ ጢስ ሲገባበት ይጮኻል። ለመኝታ ቤትና ለመዝገብ ቤት ይስማማል። በወጥ ቤት ግን በየዕለቱ በከንቱ ስለሚጮኽና ሰዎች ተሰላችተው ስለሚነቅሉት፣ በዚያ የሙቀት ጠቋሚ ይደረግ።

2ኛ፤ ውሃ የሚረጭ ቧንቧ፦ አፉን ፈሳሽ ያለበት ትንሽ ብልቃጥ ይዘጋዋል። ቀዩ ብልቃጥ ሙቀቱ 68 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይሰበርና ውሃው ይወርዳል። የሚከፈተውም እሳቱ ያሞቀው አፍ ብቻ ነው።

3ኛ፤ የእጅ ማጥፊያ፦ ለእንጨት፣ ለወረቀትና ለገለባ ውሃ፤ ለነዳጅ አረፋ ወይም ዱቄት፤ ለኤሌክትሪክ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም ዱቄት ይሆናል። በሚነድ የምግብ ዘይት ላይ ውሃ ማፍሰስ እሳቱን ስለሚበትነው ድስቱ በክዳን ይከደን።

4ኛ፤ ተሽከርካሪ፦ ሞተሩ ይጥፋ፤ ሰው ፈጥኖ ይውረድ። ነፋስ እሳቱን እንዳያበረታው የሞተሩ ክዳን ወለል ተደርጎ አይከፈት፤ ዱቄቱ በጠባብ ክፍተት ይነፋ። ማጥፊያውም ከጭነት ሥር ሳይሆን በሾፌሩ አጠገብ ይቀመጥ።

ሆኖም መሣሪያ መግዛት ብቻውን አያድንም። ማጥፊያው ይሰረቃል ተብሎ በዕቃ ቤት ቢቈለፍ፣ የቁልፉ ያዥም ወደ ቤቱ ቢሄድ፣ እሳቱ እርሱ እስኪመለስ አይጠብቅም። ስለዚህ በመውጫ በር አጠገብ ይሰቀል፤ መርፌው በአረንጓዴው ላይ መቆሙም በየወሩ ይታይ። መንገድም ክፍት ይሁን፤ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ እሳት በተነሣ ጊዜ የቦታው መጣበብ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን እጅግ አስቸግሮ ነበር። በአዲስ አበባ የእሳት አደጋ ጥሪ 939 ነው፤ በሌላ ከተማ ያለ መሥሪያ ቤትም የአካባቢውን ቁጥር በግድግዳ ላይ ይለጥፍ።

በየወረዳው ያሉ ሹማምንት ይህን በእህል መጋዘንና በመኖ ክምር ላይም ይፈጽሙ። እርጥብ ድርቆሽ ሲከመር ከውስጡ ግሎ በራሱ ሊነድ ስለሚችል፣ ሳይደርቅ እንዳይከመር ያድርጉ። የገበሬው የዓመት ድካም በአንድ ሌሊት ዐመድ እንዳይሆን የሚጠብቀው አስቀድሞ የተደረገ ዝግጅት ነው።