የመብት አንቀጽ እንዴት ይነበባል?

በምግብ አዳራሹ ሰልፍም ሆነ በመኝታ ቤታችን ኮሪደር «መብቴ ነው!» የሚል ድምፅ ሳይሰማ የሚያልፍ ቀን የለም። የቧንቧ ውሃ ሲቋረጥ መብት ይነሣል፤ የቤተ መጻሕፍቱ በር ቀደም ብሎ ሲዘጋ መብት ይነሣል፤ የፈተና ውጤት ሲዘገይም እንዲሁ። ቃሉን መውደዳችን መልካም ነው። ነገር ግን «የትኛው መብት? በየትኛው አንቀጽ? በማን ላይ? አቤት የሚባለውስ ለማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ከመጀመሪያው ጥያቄ የሚሻገረው ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ በተለይ ዘንድሮ ወደ ግቢ ለገባችሁ ታናናሽ ወንድሞችና እኅቶች የተዘጋጀ ነው። ዓላማውም የሕግ ትምህርት ያልተማረ ሰው የሕገ መንግሥትን የመብት አንቀጽ እንዴት አድርጎ ሊያነብ እንደሚችል ለማሳየት ነው። የሕግ ተማሪዎች ነገሩ ቀለለብን ቢሉ አንቀየማቸውም።

አገራችን የመብትን ነገር ከወረቀቱ በፊት ታውቀዋለች። በመንገድ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው እጁን መሰብሰብ ነበረበት። ባለዕዳና ባለገንዘብ ኩታ ለኩታ ተቋጥረው በቁራኛ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ ይግባኙም ከዳኛ ወደ ዳኛ እያለ እስከ ንጉሡ ችሎት ይደርስ ነበር። በዚህ ልማድ ውስጥ አንድ ትልቅ እምነት አለ፤ ይኸውም ጉልበተኛም ቢሆን በዳኛ ፊት መቆም አለበት የሚል ነው። ይሁን እንጂ የጎደለ ነገር ነበረው። ክርክሩ ከጎረቤት ጋር ሲሆን ሕግ አለ፤ ክርክሩ ከራሱ ከገዢው ጋር ሲሆን ግን የሚቀረው አቤቱታ ብቻ ነው። አቤቱታ ደግሞ ሰሚው ደግ ከሆነ ይሰማል፥ ካልሆነ ይቀራል። ቸርነትና መብት የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ቸርነትን ያልሰጠ ሰው አይጠየቅም፤ መብትን የነፈገ ግን ይጠየቃል፥ ወይም ሊጠየቅ ይገባዋል።

የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥታችን የወጣው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲሆኑ፥ አርአያ የሆናቸውም የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። በ55 አንቀጾች የተጻፈ አጭር ሰነድ ነው። ሦስተኛው ምዕራፉ ማንም ኢትዮጵያዊ ያለ ሕግ አይታሰርም፥ ቤቱ አይበረበርም፥ ደብዳቤው አይከፈትም ይላል። ይህ ለዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። ነገር ግን አንባቢው ዓይኑን ወደ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ዝቅ ሲያደርግ፥ ሕግ ካዘዘው በስተቀር የሚል መንፈስ ያለው ጅራት በየቦታው ያገኛል። ሕጉን የሚያወጣው ማን ነበር? ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ነበሩ፤ የምክር ቤቶቹም አባሎች በሕዝብ ድምፅ የተመረጡ አልነበሩም። ስለዚህ መብቱን የሰጠው እጅና ጅራቱን የያዘው እጅ አንድ እጅ ነበር። ቤቱን አከራይቶ ሁለተኛውን ቁልፍ በኪሱ እንደሚያኖር አከራይ ማለት ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ትምህርታችን ይህ ነው፤ የመብት አንቀጽ ከጅራቱ ይነበባል። ራሱ ሁልጊዜ ያማረ ነው፤ ማንም መንግሥት «የመናገር ነፃነት የለም» ብሎ አይጽፍም። ወሳኙ ነገር ያለው «ነገር ግን» ከሚለው ቃል በኋላ ነው። ጅራቱም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ክፍት ሲሆን «በሕግ መሠረት» ብሎ ዝም ይላል፤ ሕጉ ነገ ምን እንደሚል፥ ምን ማለትም እንደማይችል አይናገርም። ሁለተኛው ጠባብ ነው። ሕግ አውጪው መብቱን ሊገድብ የሚችለው በእነዚህና በእነዚህ ምክንያቶች ብቻ ነው ብሎ ይቆጥራል። ክፍት ጅራት ያለው አንቀጽ ለባለሥልጣን ምቹ ነው፤ ጠባብ ጅራት ያለው ደግሞ ቢያንስ ለጠበቃ መከራከሪያ ይሰጣል።

በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በዚህ ዓይን ሲታይ ድብልቅ ነው። 131 አንቀጾች ነበሩት፤ ከ37 እስከ 65 ያሉት የሕዝብን መብትና ግዴታ የሚመለከቱ ናቸው። አንቀጽ 41 የመናገርንና የጋዜጣን ነፃነት ካረጋገጠ በኋላ በክፍቱ ጅራት ይዘጋል። ያለ መሣሪያ በሰላም ስለ መሰብሰብ የሚናገረው አንቀጽ 45ም እንደዚሁ ነው። በሌላ በኩል አንቀጽ 65 መብቶች የሚገደቡት ለሌሎች ሰዎች መብት፥ ለሕዝብ ፀጥታና ለጠቅላላው ደኅንነት ሲባል ብቻ ነው ይላል፤ አንቀጽ 122 ደግሞ ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን ሕግ፥ ፍርድም ሆነ ድርጊት ዋጋ የለውም ይላል። በወረቀት ላይ ይህ ጠንካራ አጥር ነው።

አጥሩ የተፈተነው በራሳችን ግቢ ነው። በ1959 ዓ.ም. ስለ ሰላማዊ ሰልፍ አዋጅ ወጣ። አዋጁ ሰልፍ ለመውጣት አስቀድሞ ፈቃድ መቀበልን ግዴታ አደረገ። በሚያዝያ ወር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይህንን አዋጅ በመቃወም ተነሥተው ከፖሊስ ጋር ተጋጩ። የነገሩን ፍሬ ልብ በሉ፤ አዋጁ «መሰብሰብ ክልክል ነው» አላለም። ያለው «ጠይቁኝ» ብቻ ነው። ነገር ግን የምትጠይቀው ሰው «አይሆንም» ማለት የሚችል ከሆነ በእጅህ ያለው መብት አይደለም፥ ፈቃድ ነው። በ1983 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 3 ይህንን ቃል ለውጦታል። ሰልፍ የሚያዘጋጅ ሰው ከ48 ሰዓት በፊት ለአስተዳደሩ በጽሑፍ ያሳውቃል፤ ያሳውቃል እንጂ ያስፈቅዳል አይልም። ይሁን እንጂ በየአስተዳደር ጽሕፈት ቤቱ ስንት ጊዜ «ፈቃዳችሁ የታለ?» ተብሎ እንደተጠየቀ የማያውቅ የለም። ማሳወቅን ወደ ማስፈቀድ የመለሰው አዲስ ሕግ አይደለም፥ ጠያቂው የሕጉን ቃል አለማወቁ ነው፤ ተጠያቂውም እንዲሁ ባለማወቁ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል።

ስለ 1948ቱ ሕገ መንግሥት ፍጻሜ ብዙ ማለት አያስፈልግም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በአንድ አዋጅ ታገደ፤ ሰልፍና የሥራ ማቆም አድማም በዚያው አዋጅ ተከለከሉ። ቀጥሎ በ1979 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ የተሰጠበት ሕገ መንግሥት ዕድሜው ከ1983 ዓ.ም. አላለፈም።

አሁን የምንኖርበት ሕገ መንግሥት ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ጸድቆ በዚያው ዓመት ነሐሴ 15 ቀን በሥራ ላይ ዋለ። ከ106 አንቀጾቹ ውስጥ ከ13 እስከ 44 ያሉት ስለ መብት ናቸው። አንቀጽ 29ን ከቀድሞው አንቀጽ 41 ጋር አስተያዩት። ጋዜጣ ከመታተሙ በፊት የሚደረግን ምርመራ በግልጽ ከልክሏል። ሐሳብን የሚገድብ ሕግ ቢወጣም ሕጉ በሐሳቡ ይዘትና ሊያስከትል በሚችለው ውጤት ላይ ሊመሠረት አይችልም፤ የወጣቶችን ደኅንነት፥ የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ፥ የጦርነት ቅስቀሳንና ሰብአዊ ክብርን የሚነካ ንግግርን ለመከልከል ግን ሕግ ሊወጣ ይችላል። ይህ ጠባቡ ጅራት ነው። ጠባብ ስለ ሆነ አይዘረጋም ማለት ግን አይደለም፤ «ሰብአዊ ክብር» የሚለው ቃል በክፉ እጅ እንደ ላስቲክ ይለጠጣልና።

ለተማሪ ከሁሉ የሚቀርበው ግን፥ በእኔ አስተያየት፥ አንቀጽ 19 ነው። እስቲ አንድ ተማሪ ዓርብ ማታ በ2 ሰዓት ተያዘ እንበል። ወዲያውኑ በሚገባው ቋንቋ የተያዘበት ምክንያት ሊነገረው ይገባል። ዝም የማለት መብት አለው፤ የተናገረው ቃል በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችልም ሊነገረው ይገባል። በማስገደድ የተገኘ ቃል ማስረጃ አይሆንም። ከዚያም በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ቁጥሩ አዲስ አይደለም፤ የ1948ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 51ም 48 ሰዓት ይል ነበር፤ ተጠርጣሪው የተያዘበት ስፍራ ከፍርድ ቤት በእግር የሁለት ቀን መንገድ ከራቀ ብቻ ፍርድ ቤቱ ጊዜውን ማስረዘም ይችል ነበር። ያሁኑም ከሰዓቱ ቆጠራ የሚያወጣው ወደ ፍርድ ቤት ለመጓዝ በግምት የሚያስፈልገውን ጊዜ ነው። እንግዲህ የእኛ ተማሪ ጊዜው እሑድ ማታ በ2 ሰዓት ያበቃል። «ቅዳሜና እሑድ ቢሮ ዝግ ነው» የሚለው መልስ ከአንቀጹ ውስጥ የለም። የቢሮ መዘጋት የቢሮው ጉዳይ ነው፤ እስረኛው ቅዳሜንም እሑድንም ይቆጥራቸዋል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ፍርድ ቤት መቅረብ ማለት መፈታት ማለት አይደለም። ዳኛው በዋስ ሊለቀው፥ ወይም ፖሊስ ለምርመራ ጊዜ ከጠየቀ ለማጣራት የግድ የሚያስፈልገውን ያህል ቀጠሮ ሊሰጥ ይችላል። የ48 ሰዓቱ ጥቅም ሌላ ነው። ከዚያች ሰዓት በኋላ ሰውየው የት እንዳለ፥ በሕይወት እንዳለ፥ በምን እንደተጠረጠረ ከፖሊስ ውጭ የሆነ አንድ ሰው ያውቃል፤ ሰውነቱ ላይ ጉዳት ካለም ዳኛ ያየዋል። አንቀጽ 21 ደግሞ የትዳር ጓደኛው፥ የቅርብ ዘመዱ፥ ወዳጁ፥ የሃይማኖት አማካሪው፥ ሐኪሙና ጠበቃው እንዲጎበኙት መብት ይሰጠዋል። ወዳጅ የሚለው ቃል እንዳያመልጣችሁ። ቤተሰቡ ከጎጃም ወይም ከባሌ እስኪመጣ ድረስ የመኝታ ክፍል ጓደኛ ምግብ ይዞ ለመሄድ የሰው ቸርነት መለመን የለበትም።

ስለ መኝታ ክፍል ካነሣን ዘንድ አንድ ጥያቄ ዘወትር ይነሣል፤ የተማሪ ክፍል «ቤት» ነውን? አንቀጽ 26 መኖሪያ ቤትን ብቻ ሳይሆን ሰውነትንና ንብረትንም ከመበርበር ይጠብቃል። ስለዚህ ክፍሉ የዩኒቨርሲቲው ነው ብለን ብንቀበል እንኳ ሳጥኑ፥ ደብተሩና ስልኩ የዩኒቨርሲቲው አይደሉም። ደብዳቤንና የስልክ መልእክትንም አንቀጹ በስም ይጠቅሳል። ይህ መብት የሚገደበው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠር፥ ዝርዝር ሕግም ሲኖር ነው። ጠባቡ ጅራት በዚህም አለ።

ይህ ሁሉ የተባለው ለሰላም ጊዜ ነው። አንቀጽ 93ን ያላነበበ ሰው ምዕራፍ ሦስትን አነበብሁ ባይል ይሻለዋል። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አብዛኞቹ መብቶች ሊታገዱ ይችላሉ። ከማይነኩት መካከል ስለ ኢሰብአዊ አያያዝ የሚናገረው አንቀጽ 18ና ስለ እኩልነት የሚናገረው አንቀጽ 25 ይገኛሉ፤ የሚገርመው ግን በሕይወት የመኖር መብት በዝርዝሩ ውስጥ በስም አልተጠቀሰም። በ2009፥ በ2010፥ በ2012፥ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. እንዲህ ያሉ አዋጆች ታውጀዋል፤ የ2014ቱም ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሰው ይዞ ማቆየትን ፈቅዶ ነበር። ታዲያ በዚያን ጊዜ ዓርብ ማታ የተያዘው ተማሪያችን ምን ይቀረዋል? ብዙ አይቀረውም፤ አንድ ነገር ግን ይቀረዋል። አዋጁ ሲጸድቅ ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ መቋቋም አለበት፤ ቦርዱም የታሰሩትን ሰዎች ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ የማድረግ ግዴታ አለበት። የስም ዝርዝሩ የት አለ ብሎ መጠየቅ እንግዲህ በአዋጅ ያልታገደ ጥያቄ ነው።

በመጨረሻም የማን በር ይንኳኳል የሚለው ይቀራል። አንድ ሕግ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል የሚል ክርክር ሲነሣ በአገራችን የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ፍርድ ቤት አይደለም፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ጉዳዩን አስቀድሞ አጥንቶ የሚያቀርብለት 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ አለ። ፖለቲከኞች የተሰበሰቡበት ምክር ቤት የፖለቲከኞችን ሕግ ይዳኝ መባሉን እኔ አልወደድሁትም፤ ለዜጋውም መንገዱ ረጅም ነው። አጭሩ መንገድ ለታሰረ ሰው የተከፈተው ነው። በ48 ሰዓት ያልቀረበ ሰው አካሉ ነፃ እንዲወጣ ፍርድ ቤትን የመጠየቅ መብት እንዳለው አንቀጽ 19 ራሱ ይናገራል።

የአቤቱታውን አጻጻፍ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 177 ጀምሮ ያሳያል። ከአቤቱታው ጋር የቃለ መሐላ ጽሑፍ ይያያዛል፤ በእርሱም ላይ ሰውየውን የያዘው ማን እንደ ሆነ፥ የተያዘበት ስፍራና አኳኋን፥ ነገሩን ሊመሰክሩ የሚችሉ ሰዎች ስም ይጻፋል። እስረኛው ራሱ መማል ካልቻለ ሌላ ሰው ያልቻለበትን ምክንያት ገልጾ ስለ እርሱ ይምልለታል። ፍርድ ቤቱም ያሰረውን ሰው እስረኛውን ይዞ ቀርቦ ምክንያቱን እንዲያስረዳ ያዝዘዋል። እንግዲህ ጓደኛችሁ በተያዘ ጊዜ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ጩኸት ሳይሆን እርሳስ ነው፤ የተያዘበት ሰዓት፥ የፖሊስ ጣቢያው ስም፥ የያዙት ሰዎች ማንነትና ያዩ ሰዎች ስም በዚያችው ሌሊት ይጻፍ።