ፓውደር ብሉ ታንግ በቤት አኳሪየም፦ አያያዙና አመጋገቡ

ለጨው ውኃ ዓሣ ጠባቂዎች የተዘጋጀ የኤክስቴንሽን ምክር

ፓውደር ብሉ ታንግ ካዩት ዓይን የማይነቀልበት ዓሣ ነው። ሰውነቱ ፈዛዛ ሰማያዊ፣ ፊቱ ጥቁር፣ ጉሮሮው ነጭ፣ የጀርባ ክንፉ ደማቅ ቢጫ ነው። በመልኩ ተማርኮ የሚገዛው ብዙ ነው፤ በጤና ለዓመታት የሚያቆየው ግን ጥቂት ነው። ዓሣው ሲሞት «በሽታ ገደለው» ይባላል። በሽታው ግን የሚበረታው ቀድሞ በረሃብ፣ በጥበትና በጭንቀት በተዳከመው ላይ ነው። የዚህ ምክር ዋና ቁም ነገር አንድ ነው፦ ይህ ዓሣ እንደ በግ ቀኑን ሙሉ ሲግጥ የሚውል እንስሳ ስለሆነ፣ ገንዳውም መኖውም ሕክምናውም ከዚህ ጠባዩ ጋር ይስማማ።

1. ዓሣውን ይወቁት

ፓውደር ብሉ ታንግ የሕንድ ውቅያኖስ ዓሣ ነው። ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ አንሥቶ በሲሸልስ፣ በማልዲቭስና በስሪ ላንካ በኩል እስከ አንዳማን ባሕር ይገኛል። በቀይ ባሕር የሚታወቁት ዘመዶቹ ሶሃል ታንግና ፐርፕል ታንግ ናቸው፤ ከዚህ ምክር አብዛኛው ለእነሱም ይሠራል።

የሚኖረው ማዕበል በሚመታው የኮራል ሪፍ አናት ላይ፣ ጥልቀቱ ከ25 ሜትር በማይበልጥ ጥርት ያለ ውኃ ውስጥ ነው። እዚያ ውኃው ሁልጊዜ ስለሚናወጥ ኦክስጅን ሞልቶታል። ዓሣው ብርሃን እስካለ ድረስ እየዋኘ ከድንጋይ ላይ አልጌ ይለቅማል፤ ሲመሽ በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ያድራል። ሲያድግ ርዝመቱ 23 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል።

በጅራቱ ግርጌ፣ በግራና በቀኝ፣ ስለት ያለው እሾህ አለው። ሲጣላም ሲፈራም በዚህ ይቆርጣል። በመረብ ከተያዘ እሾሁ ከክሩ ጋር ይጠላለፍና ዓሣው ይቆስላል። ስለዚህ ከቦታ ቦታ ሲያዛውሩት በፕላስቲክ ዕቃ ከነውኃው ይቅዱት፤ እጅዎንም ከጅራቱ ያርቁ።

የታንግ ወገኖች አንጀታቸው ረጅም ነው፤ የበሉትን አልጌ ለማብላላትም በአንጀታቸው የሚኖሩ ረቂቅ ሕያዋን ያግዟቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1985 ከቀይ ባሕር በተያዘ ቡናማ ታንግ አንጀት ውስጥ በዓይን ለመታየት የሚበቃ፣ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ ሊረዝም የሚችል ረቂቅ ሕይወት መገኘቱ ይፋ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1993 ደግሞ ባክቴሪያ መሆኑ ተረጋገጠ። እንዲህ ያለ ሆድ የተፈጠረው ጥቂት በጥቂት ሳያቋርጥ ለሚገባ ምግብ ነው። ሆዱ ባዶ የሰነበተ ታንግ ቶሎ ይከሳል፤ ከከሳ በኋላ መልሶ እንዲያገግም ማድረግ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

2. ገንዳው ከዓሣው ይቅደም

የገንዳው ርዝመት ቢያንስ 180 ሳንቲ ሜትር፣ የሚይዘው ውኃ 470 ሊትር ገደማ ይሁን። ለዚህ ዓሣ ከከፍታው ይልቅ ርዝመቱ ይበልጣል፤ ሳይዞር የሚዋኝበት ቀጥ ያለ መንገድ ያስፈልገዋልና። «ገና ትንሽ ነው፣ እስኪያድግ በትንሽ ገንዳ ይቆይ» የሚለው ሐሳብ ዓሣውን ይጎዳል። በጠባብ ቦታ ጭንቀቱ ከመጀመሪያው ቀን ይጀምራል።

አዲስ ገንዳ ውስጥ የሚገኘው አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት የሚቀየረው በባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያዎቹ እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ለፓውደር ብሉ ታንግ ከዚያም በላይ መታገሥ ይመከራል፤ ገንዳው ግማሽ ዓመት ያህል ሲቆይ ውኃው ይረጋጋል፣ ድንጋዩም ዓሣው የሚለቅመውን አልጌ ያበቅላል።

ውኃው የሚከተለውን ልክ ይጠብቅ፦

• ሙቀት፦ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ
• ጨዋማነት፦ በሪፍራክቶሜትር ሲለካ ከ1.024 እስከ 1.026
• ፒኤች፦ ከ8.1 እስከ 8.4
• አሞኒያና ናይትራይት፦ ዜሮ
• ናይትሬት፦ በሊትር ከ20 ሚሊግራም በታች

የባሕር ውኃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው ይይዛል። ከዚህ ውስጥ 1,300 ሚሊግራም ገደማ ማግኒዥየም፣ 400 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየም ነው። የወጥ ጨውም ሆነ ከአፋር የሚመጣው አሞሌ ይህን ሁሉ በልኩ አይዝም፤ ስለዚህ ለአኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀ የባሕር ጨው ብቻ ይጠቀሙ። የቧንቧ ውኃ ክሎሪንና መዳብ ሊኖረው ስለሚችል በአርኦዲአይ ማጣሪያ የተጣራ ውኃ ይመረጣል።

የውኃውን ገጽ የሚያናውጥ ጠንካራ ፓምፕና ፕሮቲን ስኪመር የግድ ያስፈልጋሉ። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው አዲስ አበባ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚይዘው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። በእንዲህ ያለ ደጋ ቦታ የውኃውን ንቅናቄ መጨመር፣ ሙቀቱንም ወደ 25 ዲግሪ ማስጠጋት ይገባል፤ ውኃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳልና።

3. ሲገዙ ይህን ይመልከቱ

ሻጩ በፊትዎ እንዲመግበው ይጠይቁ። ሲበላ ያላዩትን ዓሣ አይግዙ። ሆዱ ወደ ውስጥ የተሰረጎደ፣ ጀርባው የሳሳ፣ አፉ የቆሰለ፣ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ወይም ገላውን በድንጋይ የሚያሽ ከሆነ ይተዉት። ከ8 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ዓሣ ይመረጣል። በጣም ትንሹ ረሃብን አይችልም፤ ትልቁ ደግሞ ከገንዳ ኑሮ ጋር ለመላመድ ይቸገራል።

ቤት ሲደርሱ የታሸገውን ከረጢት ሳይፈቱ በለይቶ ማቆያው ገንዳ (ክፍል 4ን ይመልከቱ) ውኃ ላይ 20 ደቂቃ ያንሳፍፉትና ሙቀቱ ይመጣጠን። ከረጢቱ ከተፈታ በኋላ ግን አይዘግዩ። በጉዞ ላይ የተጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የውኃውን ፒኤች ዝቅ አድርጎ የአሞኒያውን መርዛማነት ገትቶት ይቆያል፤ ከረጢቱ ሲከፈት ፒኤቹ ይወጣና መርዙ ይበረታል። ስለዚህ የለይቶ ማቆያውን ጨዋማነት አስቀድመው ከከረጢቱ ውኃ ጋር ካስተካከሉ በኋላ ዓሣውን ቶሎ ያስገቡ። የከረጢቱ ውኃ ወደ ገንዳ አይጨመር።

4. ለይቶ ማቆየት

አዲስ የመጣ ፓውደር ብሉ ታንግ በቀጥታ ወደ ዋናው ገንዳ አይገባም። ቢያንስ 30 ቀን በተለየ ገንዳ ይቆይ። የለይቶ ማቆያው ወለል አሸዋና ድንጋይ አይኖረውም፤ ስፖንጅ ማጣሪያ፣ ማሞቂያ፣ የአየር ፓምፕና ዓሣው የሚደበቅበት የፕላስቲክ ቧንቧ ቁራጭ ይበቃዋል። ስፖንጁ አስቀድሞ በዋናው ገንዳ ውስጥ ሰንብቶ ባክቴሪያ ያፈራ ይሁን። አሞኒያውን በየቀኑ ይለኩ።

በመጀመሪያው ቀን መብራት ይቀንሱ፤ ኖሪ የሚባለውን ደረቅ የባሕር አልጌ ቁራጭ ግን በዚያው ቀን ያቅርቡ። በዚህ ጊዜ ትልቁ ሥራ ዓሣውን ማብላት ነው።

ወደ ዋናው ገንዳ ሲዛወር ከሌሎቹ ዓሣዎች ሁሉ መጨረሻ ይግባ። ቀድሞ ከገባ ገንዳውን የራሱ አድርጎ አዲስ መጪዎችን ያሳድዳል። በአንድ ገንዳ ከአንድ በላይ ፓውደር ብሉ ታንግ አያኑሩ፤ ቅርጻቸውም ቀለማቸውም የሚመስሉትን ታንጎች አብረው አይያዙ።

5. አመጋገብ

ዋና ምግቡ የባሕር አልጌ ነው። በቀላሉ የሚገኘው ኖሪ የሚባለው ደረቅ የባሕር አልጌ ነው። ቅመም፣ ዘይትና ጨው ያልነካው መሆኑን ከማሸጊያው ላይ ያንብቡ። ግራሲላሪያና ኡልቫ የሚባሉት ትኩስ አልጌዎች ከተገኙም እጅግ ጥሩ ናቸው።

ለአንድ 10 ሳንቲ ሜትር ለሚሆን ዓሣ የቀኑ ፕሮግራም እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

• ጠዋት መብራት እንደበራ፦ 5 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኖሪ በመያዣ ቆንጥጦ ከገንዳው መስተዋት ላይ መለጠፍ። ዓሣው እየተመላለሰ ይግጠዋል።
• ቀትር፦ ስፒሩሊና ያለበት ደቃቅ መኖ፣ በ2 ደቂቃ ውስጥ የሚያልቀውን ያህል።
• ከሰዓት በኋላ፦ ጠዋት የተለጠፈው ኖሪ ካለቀ ሌላ ቁራጭ መተካት።
• መብራት ከመጥፋቱ አንድ ሰዓት በፊት፦ ቀልጦ የታጠበ የበረዶ ሚሲስ ወይም አርቴሚያ፣ በትንሹ።

የተረፈ ኖሪ ማታ ይነሣ፤ አድሮ ከበሰበሰ ውኃውን ያበላሻል። ዓሣው ጠዋት የሰጡትን በአንድ ሰዓት ውስጥ ከጨረሰ መጠኑን ይጨምሩ። ከፊት ለፊት ሲያዩት ሆዱ ሞላ ያለ መሆን አለበት። ጀርባው በግንባሩ በኩል ከሳሳ መኖው አልበቃውም ማለት ነው።

ስፒሩሊና ለአገራችን አንባቢ እንግዳ አይደለም። በቢሾፍቱ አካባቢ ባለው አረንጓዴ ሐይቅና በስምጥ ሸለቆው ጪቱ ሐይቅ ውስጥ በተፈጥሮ ይበቅላል። ለታንግ ግን ተጨማሪ ምግብ እንጂ የአልጌ ምትክ አይሆንም፤ ኖሪው በየቀኑ ይቀጥል።

ሰላጣና ቆስጣ ኖሪን አይተኩም፤ የሚሰጡት ገንቢ ነገር ትንሽ ነው። የበሬ ልብና ሌላ የከብት ሥጋ ጨርሶ አይስጡ፤ የዚህ ዓሣ ሆድ ለየብስ እንስሳ ስብ አልተፈጠረም። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ለዓሣ የተዘጋጀ ቫይታሚን ኖሪው ላይ ጠብ ማድረግ ይጠቅማል።

አዲስ የመጣ ዓሣ ኖሪውን ከመያዣው ላይ ለመብላት እምቢ ካለ፣ በድንጋይ ላይ በላስቲክ አስረው ወለል ላይ ያስቀምጡለት፤ ከድንጋይ መልቀም የለመደው ነውና።

ብዙ መመገብ ናይትሬትን ከፍ ያደርጋል። ለዚህ መፍትሔው ስኪመሩን በየጊዜው ማጽዳትና በየሳምንቱ ከውኃው 10 በመቶ ያህል መቀየር ነው። ናይትሬትን ለመቀነስ ብሎ ታንግን ማስራብ አይገባም።

6. የሚያሠጉ በሽታዎች

የባሕር ነጭ ነጥብ፦ ክሪፕቶካርዮን በሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ይመጣል። ፓውደር ብሉ ታንግ ለዚህ በሽታ ከሌሎች ዓሣዎች ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ምልክቱ በገላና በክንፍ ላይ የሚታዩ ደቃቅ ነጭ ነጥቦች፣ ገላን በድንጋይ ማሸትና የትንፋሽ መፍጠን ነው። ነጥቦቹ ከ3 እስከ 7 ቀን ውስጥ ይጠፋሉ። ብዙ ሰው ዓሣው የዳነ የሚመስለው በዚህ ጊዜ ነው። ተሕዋሱ ግን ከገላው ወርዶ በወለሉ ላይ ሽፋን ለብሶ ይራባል፤ ከዚያም በርክቶ ይመለሳል። ሽፋኑ እስከ 72 ቀን ሊቆይ እንደሚችል በጥናት ታይቷል። ስለዚህ በሽታው ከገባ ዓሣዎቹ ሁሉ ወደ ለይቶ ማቆያ ወጥተው ይታከሙ፤ ዋናው ገንዳም ለ76 ቀን ያለ ዓሣ ይቆይ።

ቬልቬት፦ አሚሉዲኒየም በሚባል ተሕዋስ ይመጣል። ገላው ላይ የተነሰነሰ ብናኝ የመሰለ ወርቃማ ሽፋን ይታያል፤ ዓሣው ፓምፑ ወደሚገፋው ውኃ ተጠግቶ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። በጥቂት ቀን ውስጥ ስለሚገድል ምልክቱ በታየበት ሰዓት ሕክምና ይጀመር።

ለሁለቱም የሚሠራው የታወቀ መድኃኒት መዳብ ነው። በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ፣ በየቀኑ በመለኪያ እየተለካ፣ በለይቶ ማቆያ ውስጥ ብቻ ይሰጣል። ኮራል፣ ቀንድ አውጣና ሽሪምፕ ባሉበት ገንዳ ውስጥ መዳብ መጨመር እነሱን መግደል ነው። በሕክምናው ጊዜም ኖሪው አይቋረጥ።

የግንባርና የጎን መስመር ቁስለት፦ በፊትና በጎን ቆዳው እየተላጠ ይነጣል። የአልጌና የቫይታሚን እጥረት አንዱ ምክንያት እንደሆነ ይታመናል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናትም የከሰል ማጣሪያ ይህን ቁስለት በታንግ ወገኖች ላይ ሊያመጣ እንደሚችል አሳይቷል። ከሰል የሚጠቀሙ ከሆነ ብናኙ እስኪለቅ አጥበው፣ በልኩና ለአጭር ጊዜ ያድርጉት።

7. በቤት ውስጥ ጥንቃቄ

• የትንኝና የበረሮ መድኃኒት ገንዳው ባለበት ክፍል አይረጭ። የአየር ፓምፑ የክፍሉን አየር ስቦ ወደ ውኃው ያስገባዋል።
• ቡና የሚፈላበትና ዕጣን የሚጨስበት ክፍል መስኮቱ ይከፈት። ከሰል ሲነድ በተዘጋ ክፍል የሚጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የውኃውን ፒኤች ዝቅ ያደርጋል።
• መስተዋቱን በውስጥ በኩል ሲያጸዱ ሳሙናና በረኪና አይጠቀሙ። ቅባት የነካው እጅ ወደ ውኃው አይግባ።
• መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ።
• በዓረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች የሚኖሩ ከሆነ፣ በሙቀቱ ወራት ቤት ዘግተው ሲሄዱ የአየር ማቀዝቀዣው ቢጠፋ ውኃው በሰዓታት ውስጥ ይሞቃል፤ የውኃ ማቀዝቀዣ ማስገባት ይመከራል።

8. ከመግዛትዎ በፊት ይወስኑ

ፓውደር ብሉ ታንግ በአብዛኛው ከባሕር የሚጠመድ ዓሣ ነው፤ በገበያ የሚገኘው እንደ ዶሮ ጫጩት የተፈለፈለ አይደለም። ቢጫ ታንግ ግን እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በሃዋይ በሰው እጅ ሊራባ ችሏል፤ ልምዱ ያልዳበረ ጠባቂ በእሱ ቢጀምር ይሻላል፤ እሱም ሰፊ ገንዳ እንደሚፈልግ ግን አይዘንጉ። ገንዳቸው ትንሽ ለሆነ ደግሞ በሰው እጅ የተራባ ክላውንፊሽ ተስማሚ ነው።

180 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም የቆየ ገንዳ፣ የተለየ ማቆያና በቀን ሦስት አራት ጊዜ የሚመግብ ሰው ካለዎት ዓሣውን ይውሰዱ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ እስኪሟላ ይጠብቁ።