ማታ ደህና ተኝቶ ጠዋት የማይነሳው፦ ስለ ሱዴፕ እንነጋገር

የዛሬው ርዕስ ትንሽ ይከብዳል። ግን ቤታችሁ ውስጥ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ካለ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

"ማታ እራቱን በልቶ ተኛ፣ ጠዋት በሩ ተሰብሮ ሲገባ ሞቶ ተገኘ" ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ። ሰበታም ሆነ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ሰፈሩ የሚለው አያጣም፤ መንፈስ አንቆት ነው፣ መርዘውት ነው። ሟቹ የሚጥል በሽታ ከነበረበት ግን ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ሱዴፕ ይባላል፤ የሚጥል በሽታ ባለበት ሰው ላይ የሚደርስ ድንገተኛ ሞት ማለት ነው። ሰውየው ወድቆ አልተጎዳም፣ ውሃ ውስጥ አልሰመጠም፣ አስከሬኑ ሲመረመርም ሌላ ገዳይ ምክንያት አይገኝም። የዲዝኒውን ተዋናይ ካሜሮን ቦይስን የምታውቁት ትኖራላችሁ፤ ሰኔ 2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ገና በ20 ዓመቱ በእንቅልፉ የሞተው በዚሁ ነው።

አትደንግጡ፣ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም። የሚጥል በሽታ ካለባቸው 1000 አዋቂዎች በዓመት 1 ሰው ገደማ ላይ ይደርሳል። አንዳንድ ሐኪሞች "ታካሚው ይሸበራል" ብለው አያነሱትም፤ እኔ በዚህ አልስማማም፣ ምክንያቱም አደጋውን መቀነስ ይቻላል።

ትልቁ አደጋ ሙሉ ሰውነትን የሚያንቀጠቅጠው ጥቃት ነው። በዓመት 3 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚጥለው ሰው፣ እንዲህ ያለ ጥቃት ከሌለበት ጋር ሲነጻጸር አደጋው 15 እጥፍ ገደማ ነው። ብዙውን ጊዜ ከጥቃቱ በኋላ ባሉት ደቂቃዎች ትንፋሽ ይዳከምና ይቆማል፣ ከዚያ ልብ ይከተላል። አብዛኛው የሚሆነው ሌሊት፣ ሰው በሌለበት ነው፤ ብዙዎቹም በደረታቸው ተደፍተው ነው የሚገኙት።

ስለዚህ ዋናው መከላከያ ጥቃቱን ማስቆም ነው፣ ማለትም ክኒን። በፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት የተመራውና በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመው የቡታጅራ ጥናት ቤት ለቤት ሲፈትሽ 316 ታማሚዎችን አገኘ። ትክክለኛውን መድኃኒት ያገኙት 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ! ዛሬ ፌኖባርቢታል ጤና ጣቢያ ድረስ ወርዷል። አሁን የሚያስቸግረን ማቋረጥ ነው። "ዓመት ሙሉ አልጣለኝም፣ ድኛለሁ" ተብሎ ይተዋል። ጠበል ሲኬድ ይተዋል (ክኒኑን ይዛችሁ ሂዱ፣ አይጣሉም)። ጤና ጣቢያው "አልቋል" ሲል ይተዋል። ፌኖባርቢታልን በአንዴ ማቆም ራሱ ከባድ ጥቃት ያመጣል። ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ፈልጉ፤ ሰፈር ከጠፋ አዲስ አበባ ወርዳችሁ ከነማን ወይም ቀይ መስቀል ፋርማሲን ጠይቁ። እየዋጣችሁም የሚጥላችሁ ከሆነ "ለምጄዋለሁ" አትበሉ፤ መጠኑ ይስተካከላል ወይም መድኃኒቱ ይቀየራል።

ሌላው እንቅልፍ ነው። ፋብሪካ የሌሊት ሺፍት እየሠራችሁ ቀን የማትተኙ ከሆነ ጥቃቱን እየጠራችሁት ነው። የሐኪም ወረቀት ይዛችሁ የቀን ሺፍት ጠይቁ። መጠጥም እንደዚያው ነው። ኪራይ ቤት ለብቻችሁ የምትኖሩ ደግሞ፣ ከተቻለ ከወንድም ወይም ከጓደኛ ጋር አንድ ክፍል ተኙ። ካልሆነ ለአከራያችሁ ወይም ለጎረቤት ንገሩ፣ ቁልፍም ስጡ። ማፈሩ ይገባኛል፤ ግን ሌሊት ድምፅ ሲሰማ የሚደርስላችሁ እሱ ነው።

ሲጥለው ካያችሁ ክብሪት አታሽትቱት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያ አትክተቱ። ደግሞ በንክኪም ሆነ በአረፋው አይተላለፍም፣ ቅረቡት! ሰዓት ያዙ፣ ጭንቅላቱ ስር ልብስ አድርጉ። መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎኑ አስተኙት፣ ፊቱ ትራስ ላይ እንዳይደፋ። "እንቅልፍ ወሰደው" ብላችሁ አትሂዱ፤ በደንብ እስኪነቃ አጠገቡ ሆናችሁ ትንፋሹን ተከታተሉ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ሳይነቃ ከደገመው ወይም ትንፋሹ ካላማራችሁ 907 ደውሉ። አምቡላንስ ከዘገየ ባጃጅም ቢሆን በጎኑ አድርጋችሁ ይዛችሁት ሂዱ። መተንፈስ ካቆመ ግን እዚያው ደረቱን መጫን ጀምሩ።