የጋይንት ባቄላ ለበቆሎ መክሰስ፤ ትርፉም ኪሳራውም ከድብልቁ ነው

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በገበያ ወሬ የሚነሱት አብዛኛውን ጊዜ ከእርዳታ እህል ጋር ነው። ይሁን እንጂ በጉና ተራራ ዙሪያ ያለው ደጋ ባቄላ፣ አተርና ገብስ፣ ዝቅ ያለው ደግሞ ሽምብራ፣ ጤፍና ማሽላ ያመርታል። ይህ ምርት በየሱቁ በትንንሽ ላስቲክ ታሽጎ ለሚሸጠው የተነፋ የበቆሎ መክሰስ ግብዓት ሊሆን ይችላል ወይ? ይችላል። ነገር ግን መጠኑን ያልጠበቀ ድብልቅ ባለፋብሪካውን ያከስራል።

በቆሎው እንዴት ይነፋል?

ኤክስትሩደር የተባለው ማሽን እርጥበቱ ከ12 እስከ 16 በመቶ የሆነ የበቆሎ ቅንጬ በብሎን መሰል ዘንግ እየጨመቀ ከ140 እስከ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያሞቀዋል። ስታርቹ እንደ ሊጥ ይሆናል። ሊጡ በጠባቡ ቀዳዳ ሲወጣ ግፊቱ በድንገት ስለሚለቀው ውሃው ተንኖ ይነፋዋል። ፈንድሻ የሚፈነዳውም በዚሁ ዓይነት ነው።

የባቄላ ወይም የሽምብራ ዱቄት ሲጨመር የስታርቹ ድርሻ ይቀንሳል። ፕሮቲኑና ቃጫው የአየር ቀዳዳዎቹን ግድግዳ ስለሚያደክሙ መክሰሱ አነስ፣ ጠንከርና ጠቆር ይላል። በአንጻሩ በበቆሎ የሚያንሰውን ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ክፍል ጥራጥሬው ይተካል። 8 በመቶ ያህል ፕሮቲን ያለውን 80 ኪሎ ቅንጬ 25 በመቶ ያህል ካለው 20 ኪሎ ባቄላ ጋር ብናዋህድ የድብልቁ ፕሮቲን ከ11 በመቶ ያልፋል።

የላስቲኩ ሒሳብ

ኪሳራው የሚደበቀው እዚህ ላይ ነው። መክሰሱ ለዓይን የሚሸጠው በላስቲኩ ሙላት ነው። ለምሳሌ ቀድሞ 60 ግራም ይሞላው የነበረውን ላስቲክ፣ መነፋቱ ቀንሶ አሁን 80 ግራም ቢሞላው፣ ዋጋው ሳይጨምር የጥሬ ዕቃው መጠን በአንድ ሦስተኛ አደገ ማለት ነው። ባቄላው ከበቆሎው ከተወደደ ጉዳቱ ይብሳል።

ስለዚህ በ10 በመቶ ጀምሮ፣ የሊትሩን ክብደት እየመዘኑ ቀስ በቀስ ወደ 20 መጠጋት ይበጃል። ባቄላው ተከክቶና ገለባው ወጥቶ ቢፈጭ ቃጫው ስለሚቀንስ መነፋቱ ይሻሻላል።

ሙቀት የማያድነው

ማሽኑ ሁሉን ያጠራል ብሎ ርካሽ እህል መሰብሰብ አደገኛ ነው። የግብጦ መራራ ንጥረ ነገር በሙቀት አይጠፋም፤ የሚወጣው ለቀናት በውሃ ሲዘፈዘፍና ውሃው ሲለዋወጥ ነው። እግር የሚያሽመደምደው የጓያ መርዝም በማሽኑ ሙቀት ሙሉ በሙሉ ይጠፋል ብሎ መተማመን አይቻልም። በሻገተ በቆሎ ላይ የሚገኘው አፍላቶክሲንም እንደዚሁ ነው። ደላላ ሲገዛ ከባቄላው ወይም ከሽምብራው ውስጥ ጓያ አለመቀላቀሉን፣ በቆሎው በደንብ መድረቁን ይመልከት።

ለባለሀብቱ

ነፋስ መውጫ ከወረታ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ባቄላው እዚያው ተከክቶና ተበጥሮ ቢጫን ነጋዴው ገለባ ከማጓጓዝ ይድናል፤ የክኩ ሥራና ገቢም ለአካባቢው ይቀራል። ፋብሪካውም ድብልቁን እንደ ተራ መክሰስ በላስቲክ ሙላት ከመወዳደር ይልቅ ግራሙንና ፕሮቲኑን በግልጽ ጽፎ ይሽጠው። ዋጋ መጨመር የሚቻለው ገዢው የሚከፍልበትን ሲያውቅ ነው።