የይለፍ ቃል ሳይገባ ላፕቶፕዎ ምን ያሳያል?

ለግመል ነጋዴዎች ስለ ዋጋ አወጣጥ ሥልጠና ልሰጥ ላፕቶፔን ከፕሮጀክተር ጋር አገናኘሁ። ገና የይለፍ ቃሌን ሳላስገባ ስሜ፣ ኢሜይሌና ፎቶዬ ግድግዳው ላይ ጎልተው ወጡ። ፎቶውን የተነሳሁት አንድ ነጋዴ ለሽያጭ ካሰባሰባቸው ግመሎች ፊት ነበር፤ አንገታቸው ላይ የተተኮሰው ምልክት በግልጽ ይነበባል። ፊት ለፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ምልክቱን አይተው የየትኛው ጎሳ ግመሎች እንደሆኑ ወዲያው ተናገሩ። ከጎናቸው ያለ ደላላ ደግሞ "እሱም ሊሸጥ ነዋ!" አለ። ባለቤቱ ይህን ለማንም ገና አላሳወቀም ነበር። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ግን አፈርኩ።

ነገሩ ከእፍረት ያልፋል። በረት የገባ እንስሳ በየቀኑ መኖና ውሃ ይፈልጋል፣ ሲቆይም ክብደት ሊቀንስ ይችላል። መቸኮልዎን ያወቀ ገዢ ዝም ብሎ ይጠብቅዎታል። አረፋ ሲቃረብ ደግሞ ይብሳል፤ በዓሉ ካለፈ ዋጋው እንደሚወርድ ሁለታችሁም ታውቃላችሁ። ሞያሌ ሆቴል ውስጥ ወይም ቶጎ ውጫሌ ሻይ ቤት ተቀምጠው ሲደራደሩ፣ ከጅዳ የመጣ የዋጋ መልእክት በተቆለፈው ስክሪን ላይ ብቅ ቢል ድርድሩ እዚያው አለቀ።

ስለዚህ ከመልእክቱ ይጀምሩ። በዊንዶውስ 11 ሴቲንግስ፣ ቀጥሎ ሲስተም፣ ከዚያ ኖቲፊኬሽንስ ይግቡ። ከላይ ያለውን የኖቲፊኬሽንስ መስመር ሲዘረጉት "ሎክ ስክሪን" የሚል ቃል ያለባቸው ሁለት ምርጫዎች ያገኛሉ፤ አንዱ ስለ መልእክት፣ ሌላው ስለ ማስታወሻና የኢንተርኔት ጥሪ ነው። የሁለቱንም ምልክት ያንሱ። መልእክቱ መምጣቱን አያቆምም፤ ስክሪኑ እንደተቆለፈ ግን ለጎረቤት አይነበብም።

ኢሜይልን ለመደበቅ ሴቲንግስ፣ አካውንትስ፣ ሳይን-ኢን ኦፕሽንስ ይሂዱ። የአካውንት ዝርዝር በመግቢያው ስክሪን ላይ እንዲታይ የሚፈቅደውን ማብሪያ ያጥፉት። ይህ ግን ስምዎንና ፎቶዎን አያጠፋም።

ፎቶው በዚያው አካውንትስ ውስጥ "ዩር ኢንፎ" በሚለው ስር ይቀየራል። የሚሰርዝ ቁልፍ ከመፈለግ በሌላ ምስል መተካት ይቀላል፤ አንድ ዓይነት ቀለም ብቻ ያለው ምስል ይበቃል። በማይክሮሶፍት አካውንት የሚገቡ ከሆነ ያ ፎቶ ኢሜይል ለሚልኩላቸው ሰዎችም ሊታይ ስለሚችል፣ በረትን፣ የመኪና ታርጋን ወይም የሸሪክን ፊት አያስገቡበት።

ላፕቶፑን ከጸሐፊዎ ወይም ከሸሪክዎ ጋር የሚጋሩ ከሆነ የሁሉም አካውንት ስም በመግቢያው ስክሪን ጥግ ተደርድሮ ይታያል። "በርበራ ጭነት" ብሎ የሰየመ ሰው አይቻለሁ። መንገዱን ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ነገረ ማለት ነው!

ለሻይም ቢሆን ሲነሱ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከኤል ጋር ይጫኑ፤ ስክሪኑ ይቆለፋል። ይህን ሁሉ ካስተካከሉ በኋላ ቆልፈውት ገዢው የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ አንድ ወዳጅዎም በቴሌግራም የሐሰት ዋጋ ይላክልዎ። ከዚያ ወንበር ቁጥሩ ከታየ ወደ ኖቲፊኬሽንስ ይመለሱ።