ከሪንግ ከወረዱ በኋላ

ጥያቄ፦ በጉዳት ከአሜሪካ ሬስሊንግ የሚወጡ ተፋላሚዎች ከዚያ በኋላ በምን ይተዳደራሉ?

መልስ፦ ብዙዎቹ ከሙያው አይርቁም። ታይሰን ኪድ እ.ኤ.አ. በ2015 አንገቱ ክፉኛ ተጎድቶ ከሪንግ ሲወጣ ፕሮዲውሰር ሆነ፤ ግጥሚያው እንዴት እንደሚሄድ ከተፋላሚዎቹ ጋር አስቀድሞ ያቀናጃል። በተደጋጋሚ የአንጎል መናወጥ የተነሳ በ2014 ያቆመው ኮሪ ግሬቭስ ደግሞ ማይክሮፎን ጨብጦ ኮሜንታተር ሆኗል።

«ኤጅ» የሚባለው አዳም ኮፕላንድ በ2011 በአንገቱ ሕመም ሳቢያ ተሰናብቶ ወደ ትወና ገባ፤ «ቫይኪንግስ» በተሰኘው ተከታታይ ድራማም ተጫውቷል። በ2020 ግን ተመልሶ ሪንግ ላይ ታየ።

ከሁሉም ርቆ የሄደው ክሪስ ኖዊንስኪ ነው። የሃርቫርድ ምሩቁ በ2003 በደረሰበት የአንጎል መናወጥ ትግሉን ትቶ፣ በ2007 የስፖርተኞችን የአንጎል ጉዳት የሚመለከት ተቋም ከሌሎች ጋር መሠረተ፤ በኋላም ከቦስተን ዩኒቨርሲቲ በኒውሮሳይንስ ዶክትሬቱን አገኘ።